ቀኝ ትከሻዬ እምቢ ብሏል፤ ወደ ግራ ልዙር?

ሰደፍ58፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ከወጣትነቴ ጀምሮ የምተኩሰው በቀኝ ትከሻዬ ነው። አሁን አሁን በብዛት በሾትገን፣ ማለትም እርሳስ በሚበትነው ጠመንጃ፣ ወደ አየር የሚወረወር የሸክላ ኢላማ ነው የምመታው፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ባለመነጽር ጠመንጃዬን ይዤ ወረቀት ላይ አነጣጥራለሁ። ከአምና ጀምሮ ግን ይሄ ትከሻ ሰላም ነሳኝ። አንድ ዙር፣ ማለትም 25 ሸክላ፣ ተኩሼ ስገባ ማታ ፀጉሬን ለማበጠር እንኳ እጄ አይነሳልኝም። በዚያ ጎን መተኛትማ አይታሰብም። ሐኪም ዘንድ ሄጄ ራጅ ተነሳሁ። ከአንገት ስር የሚመጣው አጥንት ከትከሻ ጫፍ ጋር የሚገናኝበት ትንሹ መገጣጠሚያ ተበልቷል ተባልኩ። አርትራይተስ ነው። “ተኩሱን ተወው” አለኝ። “ሌላስ ምን አለ?” ስለው ሳቀ።

ስለዚህ ወደ ግራ ትከሻ ለመዞር እያሰብኩ ነው። ግራው ደህና ነው። ግን በዚህ ዕድሜ ይለመዳል ወይ? ጠመንጃዎቼ ሁሉ ለቀኝ ተኳሽ የተሠሩ ናቸው፣ ሁሉንም ልቀይር ነው? ወይስ ቀኙን እያስታመምኩ ልቀጥል? የሞከራችሁት ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ። “አይዞህ” ብቻ እንዳትሉኝ፣ እሱን ባለቤቴም ትለኛለች።


ግራዋ፦

ጋሼ ሰላም። እኔ ከቀኝ ወደ ግራ የዞርኩት የትከሻ ጅማቴ ተቀዶ ነው፣ ከዞርኩም ቆየሁ። ይለመዳል። ግን ሰው ሁሉ ስለ ትከሻው ይጨነቃል እንጂ ትከሻውስ ቀላሉ ነው፤ ሰደፉን ካስጠጉት ይቀበላል። የሚያስቸግረው ዓይን ነው።

መጀመሪያ የትኛው ዓይንዎ እንደሚመራ ይወቁ። ሁለት እጅዎን ወደፊት ዘርግተው በአውራ ጣቶችዎና በመዳፎችዎ መካከል ትንሽ ቀዳዳ ይፍጠሩ። ሁለቱንም ዓይን ከፍተው ራቅ ያለ ነገር፣ የበር እጀታ ይሁን የዛፍ ግንድ፣ በቀዳዳው ይመልከቱ። ከዚያ አንድ በአንድ ይጨፍኑ። ነገሩ ከቀዳዳው ሳይጠፋ የሚታይዎት በየትኛው ዓይን ነው? የሚመራው እሱ ነው። ከሦስት ሰው ሁለቱ ገደማ ቀኝ ዓይኑ ይመራል፣ ስለዚህ እርስዎም ቀኝ ቢሆኑ አይገርምም።

ቀኝ ከሆነ በሾትገን ላይ የሚመጣው ጣጣ ይሄ ነው። ጠመንጃው በግራ ትከሻ፣ በግራ ዓይን ስር ነው ያለው። ሁለቱም ዓይን ክፍት ሲሆን ግን ቀኙ ሥራውን ይነጥቃል። የበርሜሉን ጫፍ ከሸክላው ጋር የሚያገናኘው ቀኝ ዓይን ይሆናል፣ የጠመንጃው ኋላ ግን በግራ ዓይን ስር እንዳለ ነው። በርሜሉ አግድም ሄደ ማለት ነው። ተኩሱ ወደ ቀኝ ያፈነግጣል። ደግሞ ትንሽ አይደለም፦ በሁለት ዓይን መካከል 6 ሴንቲ ሜትር ያህል አለ፣ ከዓይን እስከ በርሜሉ ጫፍ 1 ሜትር ገደማ ነው፣ 30 ሜትር ላይ ሲደርስ ልዩነቱ ከአንድ ሜትር ተኩል ይበልጣል። ሸክላዋ እየሳቀችብዎት ታልፋለች። ሰው ግን “ግራ እጄ ሰነፍ ነው” ብሎ እጁን ይወቅሳል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ብርሃን የሚያሳልፍ ግን ምስል የሚያደበዝዝ ፕላስተር ይውሰዱ፣ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ብቻ ይቁረጡ፣ በተኩስ መነጽርዎ ቀኝ መስታወት ላይ ይለጥፉ። ሙሉ መስታወቱን እንዳይሸፍኑት። ጉንጭዎን ሰደፉ ላይ አሳርፈው ሲያዩ ቀኝ ዓይንዎ የበርሜሉን ጫፍ በሚያይበት ቦታ ላይ ብቻ ነው የሚለጠፈው። ዳር ዳሩን እንዳለ ያያሉ፣ ሸክላ ሲወጣም አያመልጥዎትም። አንድ ዓይን ጨፍኖ መተኮስም ይቻላል፣ እኔ ግን አልወደውም፤ ርቀትና ፍጥነት መገመት ይከብዳል፣ ፊትም ይጨማደዳል።

ባለመነጽሩ ጠመንጃ ላይ ይሄ ሁሉ የለም። በመነጽሩ የሚያየው አንድ ዓይን ነው፣ ግራውን ያስጠጉ፣ ቀኙን ይጨፍኑት ወይ ይሸፍኑት፣ በቃ። ስለዚህ መዞሩን በእሱ ይጀምሩ፣ በሾትገን አይጀምሩ።

ሌላ ሰው የማይነግርዎት ነገር እግር ነው። እጅና ትከሻ ሲዞር እግር ባለበት ይቀራል። በግራ ሲተኩሱ ቀኝ እግር ነው ወደፊት የሚሄደው፣ ክብደቱም እሱ ላይ ያርፋል። ይሄን ካልቀየሩ ወገብዎ ይጠመዘዝና ተወርዋሪውን መከተል ያቅትዎታል።


አናጢው፦

ቆይ፣ ቆይ። ሁሉም ወዲያው ዙር ዙር አለው። እኔ ሰደፍ ነው ሥራዬ፣ ትከሻዬ አመመኝ ብሎ የሚመጣ ሰው ደግሞ አይቸግረኝም። አብዛኛው ሰደፉን የሚያስቀምጠው በተሳሳተ ቦታ ነው። ወንድሜ፣ አንተ የነገርከን መገጣጠሚያ ትከሻህ አናት ላይ ያለው አይደል? ሰደፉ ደግሞ እሱ ላይ ወይ ወደ ክንድህ ወጣ ብሎ የሚያርፍ ከሆነ እያንዳንዱ ተኩስ የታመመውን ቦታ በመዶሻ መምታት ነው። ቦታው እሱ አይደለም። ከአጥንቱ በታች፣ በደረትና በክንድ ጡንቻ መካከል ጎድጎድ ያለ ሥጋ አለ። እዚያ ነው። ሰደፉ ሲረዝምብህ ወደ ክንድ ይሸሻል፣ ሲያጥርህ ደግሞ አፍንጫህን በአውራ ጣትህ ትመታለህ። ስለዚህ መጀመሪያ ልኩን አስለካ።

ሁለተኛ ምቱን ቀንስ። ይሄ ቀኝም ሆንክ ግራ የማይቀር ነው፣ አለበለዚያ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ግራውም ቀኙን ይከተላል። አርትራይተስ አንድ ጎን ብቻ ይዞ ላይቀር ይችላል። ጠመንጃ የሚገፋህ ከፊት በሚወጣው እርሳስ ክብደትና ፍጥነት ልክ ነው፣ የጠመንጃው ክብደት ደግሞ ይቃወመዋል። አሁን 28 ግራም የምትተኩስ ከሆነ ወደ 24 ውረድ። ፍጥነቱ እኩል ከሆነ ወደ ትከሻህ የሚመጣው ጉልበት ሩብ ያህል ይቀንሳል። በግራሙ ልክ ብቻ አይደለም የሚቀንሰው፣ የእርሳሱ ክብደት ሲወርድ ጉልበቱ ባለሁለት እጥፍ ፍጥነት ይወርዳል። “24 ለጀማሪ ነው” የሚልህን አትስማ፤ ትራፕና ስኪት በሚባሉት የኦሎምፒክ የሾትገን ውድድሮች የሚፈቀደው ከፍተኛው መጠን እሱ ነው።

ክብደትም ይረዳል። ሰደፉ ውስጥ እርሳስ መክተት ቀላል ሥራ ነው፣ ግን ተሸክሞ መዋሉ አለ። ከጥይቱ ጋዝ እየወሰደ ራሱን የሚያቀባብል ሾትገን ደግሞ ምቱን ረዘም ባለ ጊዜ ይበትነዋል፣ በአንዴ አይጥልብህም። ወፍራም ለስላሳ ጎማ ሰደፉ ጫፍ ላይ ማስገጠምም ጥሩ ነው፣ ግን ጎማው ሰደፉን ያስረዝመዋልና እንጨቱን ማሳጠር አትርሳ። ይሄን ሳያስብ ጎማ ደርቦ የባሰ የታመመ ሰው አይቻለሁ። ባለመነጽሩ ላይ ከአፈሙዝ ጫፍ የሚገጠም ብሬክ አለ፣ ምቱን በደንብ ይቀንሳል፣ ጩኸቱ ግን አጠገብህ ላለ ሰው ቅጣት ነው።

ይሄን ሁሉ አድርገህ አሁንም ካመመህ፣ ያኔ ዙር።


ሰኞ ማለዳ፦

ጋሼ ተስፋ አይቁረጡ! ካሮሊ ታካች የሚባል ሃንጋሪያዊ ነበር። በ1938 ቦምብ እጁ ላይ ፈንድቶ ቀኝ እጁ ከጥቅም ውጭ ሆነ። በግራው ተለማምዶ በ1948 ለንደን ላይ የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደ፣ በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ደገመው። እርስዎ እኮ እጅዎ ሙሉ ነው!


ግራዋ፦

ሰኞ ማለዳ፣ ታሪኩ እውነት ነው፣ ሰውዬውም ጀግና ነው። ግን እሱ በሽጉጥ ነበር። ሽጉጥ ሰደፍ የለው፣ ጉንጭ አይነካ፤ የሚመራው ዓይን የትኛውም ቢሆን ሽጉጡን ትንሽ ወደዚያ ማስጠጋት ይበቃል። በረጅም ጠመንጃ እንደዚያ አይሆንም። ለጋሼ ወርቅ ከምናስመኛቸው የሰደፉን ልክ ብንነግራቸው ይሻላል። ሃሃ።

አናጢውን ግን በአንድ ነገር አልስማማም። “ሁሉንም ሞክረህ ካመመህ ዙር” ማለት ሕመሙ ሌላ ነገር ካስተማረህ በኋላ ዙር ማለት ነው። ምት የሚፈራ ትከሻ ቃታ ሲሳብ ዓይን ያስጨፍናል፣ ጠመንጃውን ወደፊት ያስገፋል። ይሄ ልማድ ከገባ ለማውጣት ዓመት ይፈጃል። ግራ ትከሻ ግን ገና ምንም አያውቅም፣ ፍርሃትም የለበትም። ጋሼ፣ ይሄ እርስዎ ላይ እንዳለ ማወቅ ከፈለጉ አብሮዎት ያለ ሰው ሳያዩት ከሙሉ ጥይት መሃል ባዶ የልምምድ ጥይት ይደባልቅልዎት። ባዶው ላይ ሲደርሱ በርሜሉ ወደታች ጎንበስ ካለ መልሱን አገኙ።


የጅማት ነገር፦

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፣ ለመዝናናትም እተኩሳለሁ። እስካሁን የተባለው ጥሩ ነው፣ አንድ ትልቅ ነገር ግን ተዘሏል።

ወደ ግራ ሲዞሩ ቀኝ ትከሻዎ አያርፍም። ሥራ ይቀይራል። እስካሁን ምት ይቀበል ነበር፣ አሁን ደግሞ የጠመንጃውን ፊት የሚሸከመው ቀኝ ክንድ ይሆናል። ወደፊት ተዘርግቶ፣ ከፍ ብሎ፣ ወደ ደረት ተሻግሮ። የእርስዎ ዓይነት መገጣጠሚያ ደግሞ የሚጠላው በትክክል ይሄን ነው። ቀኝ እጅዎን በደረትዎ ላይ አሻግረው ግራ ትከሻዎን ለመያዝ ይሞክሩ። አናቱ ላይ፣ በአንድ ጣት በሚነካ ቦታ ወጋዎት? እንግዲያው ጠመንጃውን ከፊት በግራ አቋም ሲይዙም እዚያው ይወጋዎታል።

ስለዚህ ሳይዞሩ በፊት ባዶ ጠመንጃ ይዘው በግራ አቋም ይቁሙና ሕመሙን ይለኩ። ካመመ የቀኝ እጅዎን መያዣ ወደ ራስዎ ያምጡ፣ ከበርሜሉ ርቀው ወደ ጠመንጃው መሃል። ክርንዎን ወደ ታች ያውርዱ፣ ወደ ጎን አይዘርጉት። በርሜሉ ረጅምና ፊቱ ከባድ የሆነ ሾትገን ለእርስዎ አይሆንም፤ ክብደቱ ወደ ሰደፉ ያደላ ይሻላል። አናጢው ያለው ሰደፍ ውስጥ እርሳስ እዚህ ላይ ሁለት ሥራ ይሠራል፣ ምትም ይቀንሳል፣ ሚዛኑንም ወደኋላ ይስባል። ባለመነጽሩን ከጠረጴዛ ወይ ከሁለት እግር መደገፊያ ላይ ሲተኩሱ ግን ቀኝ ክንድ የሚሸከመው የለም፣ ሰላም ነው።

ግራዋ ያለችው የጅማት መቀደድ ሌላ ነገር ነው። እዚያ ላይ ችግሩ እጅን አንስቶ ማቆየት ነው፣ ሌሊትም ይቀሰቅሳል፣ እጅም ይዝላል። የእርስዎ በፎቶ የታየው መገጣጠሚያው ነው፣ ግን ፀጉር ማበጠር አቃተኝ ያሉት ነገር አልጣመኝም፤ በዚህ ዕድሜ ሁለቱ አብረው መምጣታቸው የተለመደ ነው። ራጅ አጥንት ነው የሚያሳየው፣ ጅማት አያሳይም። ሐኪምዎን ጅማቱንም በአልትራሳውንድ ይዩልኝ ይበሉት።

መርፌ ተወግተው ሕመሙ ጥፍት ካለ ደግሞ ያንን “ድኛለሁ” ብለው ሜዳ እንዳይሄዱበት። መርፌው ሕመሙን ነው የሚያስተኛው፣ የተበላውን አይመልሰውም።


ሰደፍ58፦

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም! ያልጠበቅኩት ነገር ነው ያወጣችሁት።

የዓይኑን ሞከርኩ። ቀኝ ነው፣ ደግሞ በደንብ ቀኝ፣ ግራውን ብቻዬን ስከፍት የበሩ እጀታ ጭራሽ ይጠፋል። እጄን በደረቴ ላይ ማሻገሩንም ሞከርኩ፣ ወጋኝ፣ አናቱ ላይ ልክ እንዳልከው። ባዶ ሾትገን ይዤ በግራ ስቆም ግን ክርኔን ካወረድኩና እጄን ወደ መሃል ካመጣሁ ብዙም አያመኝም። ከሁሉ የገረመኝ እግር ነው፣ ግራዋ፤ ሦስት ጊዜ አስተካክዬ አራተኛው ላይ እግሬ ወደ ለመደው ተመልሶ አገኘሁት።

ያሰብኩት አናጢው እንዳለው 24 ግራም እገዛለሁ፣ ሰደፉንም አስለካለሁ፣ ባለመነጽሩን ደግሞ ከአሁኑ በግራ እጀምራለሁ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ባለመነጽሩ እያንዳንዱን ጥይት በእጅ የሚያቀባብሉት ነው፣ መያዣው በቀኝ በኩል ነው፤ በግራ ስተኩስ እንዴት ነው የማደርገው? ሁለተኛ፣ ሾትገኔ ሁለት በርሜል ላይና ታች የሆነው ነው፤ እሱ ለግራ ይሆናል?


አናጢው፦

ባለመነጽሩ ከመደገፊያ ላይ ከሆነ እንደውም ተመቸህ። ግራ እጅህ ቃታው ጋ እንዳለ ይቆያል፣ ሰደፉ ከትከሻህ አይነሳም፣ ቀኝ እጅህ ነፃ ስለሆነ በቀኝ በኩል ያለውን መያዣ ይስባል፣ ይገፋል። አውቀው እንዲህ የሚያደርጉ ተኳሾች አሉ። ቆመህ ስትተኩስ ነው የሚያስቸግረው፣ ግራ እጅህን በላይ አሻግረህ መሳብ አለብህ፣ ያ ደግሞ ዓይንህን ከመነጽሩ ያነሳዋል።

ላይና ታች የሆነው ጥሩ ነው። ተከፍቶ ስለሚጎርስ ቀለሁ ወደ ጎን አይወረወርም። ራሳቸውን የሚያቀባብሉት ለቀኝ የተሠሩ ከሆኑ ትኩሱ ቀለህ በግራ ተኳሽ ፊት ለፊት ነው የሚያልፈው፣ ጭሱም ይመጣል፤ ያለ ዓይን መከላከያ መነጽር እንዳትሞክረው። ያንተ ላይ ሴፍቲውም እጀታው አናት ላይ ስለሆነ ለሁለቱም አውራ ጣት ይሆናል። ከቃታው ኋላ ወደ ጎን የሚገፋ ቁልፍ ያላቸው ናቸው ለግራ ተኳሽ የሚገለበጡት፣ እነሱን ባለሙያ ሊያዞራቸው ይችላል።

አንድ ነገር ግን አለ። ሰደፉን ከኋላ ሆነህ እየው። ለቀኝ ተኳሽ የተሠራ ከሆነ ትንሽ ወደ ቀኝ ያጋደለ ነው፣ ዓይንህን ከበርሜሉ ጋር እንዲያሰልፍልህ ተብሎ። በግራ ስትተኩስ ያው ማጋደል ይገለበጥብሃል፣ ጉንጭህን ይገፋና ግራ ዓይንህ ከበርሜሉ መስመር ወደ ቀኝ ይወጣል፣ ተኩሱም ወደ ቀኝ ይሄዳል። ግራዋ የነገረችህ የዓይኑ ጣጣም ወደ ቀኝ፣ ይሄም ወደ ቀኝ። ሁለቱ ሲደባለቁ ሰው ያብዳል፣ የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ መጀመሪያ ፕላስተሩን ለጥፍ፣ ከዚያ ትልቅ ወረቀት ላይ ከ15 ሜትር ገደማ ተኩስና የት እንደሚያርፍ እይ። አሁንም ወደ ቀኝ ከሄደ ሰደፉ ነው፣ አምጣው። እንጨቱ ደህና ከሆነ በእንፋሎት አጎብጠዋለሁ፣ አዲስ መግዛት አያስፈልግህም።


ግራዋ፦

ጋሼ፣ እግር ሲመለስ አይናደዱ፣ የሁሉም ይመለሳል። ቤት ውስጥ ባዶ ጠመንጃ ይዘው መስታወት ፊት ቀስ ብለው ማንሳት ይለማመዱ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ፣ ትከሻዎ ሳይደክም። ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ ይዩ፣ ጥይቱን ደግሞ ሌላ ክፍል ይተዉት። መጀመሪያ ሰደፉ ጉንጭዎን ይንካ፣ ከዚያ ትከሻዎን። ራስዎን ወደ ሰደፍ አያጎንብሱ፣ ሰደፉ ይምጣ። ካሊበር 22 የሚያውስዎት ሰው ካለ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ወራት በእሱ ይጨርሱ፣ ምት ስለሌለው ግራ እጅዎ ቃታ መሳብን ብቻ ይማራል።


የጅማት ነገር፦

አልትራሳውንዱን እንዳይረሱ። ውጤቱን ሲያገኙ እዚህ ይጻፉልን፣ ጅማት ካለበት የያዣ እጅዎን ነገር እንደገና እናየዋለን።


ሰደፍ58፦

ቀጠሮ ይዣለሁ፣ ማክሰኞ ነው። ፕላስተሩን ለጥፌ መስታወት ፊት ቆሜ ነበር፣ ባለቤቴ ገብታ “ዓይንህን ደግሞ ምን ሆንክ?” አለችኝ።